ማጀትና ችሎት፦ የሞጣና የብቸና ሴቶች በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ

«ወንድ ለችሎት፣ ሴት ለማጀት» የሚለውን ተረት ያልሰማ አድማጭ በዚህ አዳራሽ ውስጥ አይኖርም። ተረቱ ሲነገር ሥራ የሚያከፋፍል ይመስላል፤ ልብ ብሎ ላደመጠው ግን የሚያከፋፍለው ቦታ ነው። ዐደባባዩን፣ የጦሩን ሰፈርና የዳኛውን ፊት ለወንዱ ሰጥቶ፣ ምድጃውንና ወፍጮውን ለሴቲቱ ይተዋል። ያለፈውን ዘመን ታሪክ ስናነብም ይህንኑ ክፍፍል በልባችን ይዘን ነው የምንገባው። በዐደባባይ ሴት ስናጣ አይደንቀንም፤ አንዲት እቴጌ ብቅ ሲሉ ደግሞ «እሳቸውማ ልዩ ነበሩ» ብለን እናልፋለን። ዛሬ ላስረዳ የተነሣሁት ነገር አንድ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ በጎጃም፣ በሞጣና በብቸና፣ በዓባይም ወዲህና ወዲያ ማዶ፣ ማጀትና ችሎት ይህን ያህል የተራራቁ አልነበሩም። ማጀቱ ራሱ ከጦሩ ጋር ይዘምት፣ ገበያ ይወጣ፣ ወንዝ ይሻገር፣ ዳኛ ፊትም ይቆም ነበር። ሴቶቹ በዐደባባይ ነበሩ፤ ያልነበራቸው ለመገኘታቸው የሚሰጠው ስምና ማዕረግ ነው። ስም ያልተሰጠውን ሁሉ እንዳልነበረ መቁጠር ስለ ዘመኑ ያለንን ዕውቀት አጉድሎታል።

የምናገርለት ዘመን በግምት ከ1873 እስከ 1893 ዓ.ም. ያለው ነው። በጥር 1873 ራስ አዳል ተሰማ በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ፊት ዘውድ ጭነው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተባሉ፤ በጥር 1893 አረፉ። በእነዚህ 20 ዓመታት ጎጃም ያላየው መከራ የለም። በግንቦት 1874 እምባቦ ላይ ጦሩ በሸዋ ጦር ተሸነፈ፣ ንጉሡም ተማረኩ። በጥር 1880 ሳር ውሃ ላይ በደርቡሽ ተመታ፣ ጎንደርም ተቃጠለ። በ1881 መጀመሪያ ዐፄ ዮሐንስ ራሳቸው በጎጃም ላይ ዘምተው አገሩን አራቆቱት። በዚያው ሰሞን የከብቱ እልቂት ደረሰ፤ ክፉ ቀን የምንለው ረኃብም እስከ 1884 ዘለቀ። ከዚህ ሁሉ የተረፈው ሰው ነው በ1888 ወደ ዐድዋ የዘመተው። አገሩም የራሱ ጠባይ አለው። ዓባይ ጎጃምን እንደ ቅጥር ይከብበዋል። በበጋ በየመሻገሪያው ይታለፋል፤ በክረምት ግን ውሃው ሲሞላ ማዶና ማዶው ይቆራረጣል። ከሞጣ ወደ በጌምድር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን እንደ ተሠራ የሚነገርለት፣ ዛሬ ሰባራ ድልድይ የምንለው የድንጋይና የኖራ ሥራ አለ። ከብቸና ወደ ወሎና ወደ ሸዋ ለሚወርደው ግን እንዲህ ያለ ድልድይ አልነበረም፤ በረሃውን ወርዶ የውሃውን መጉደል መጠበቅ ነበር። ስለዚህ ንግዱም፣ ጦሩም፣ ተሳላሚውም በጥቂት በሮች ያልፋል። በእነዚህ በሮች ያለፈውን ሸክም ማን አዘጋጀው፣ ማንስ ተሸከመው ብለን ስንጠይቅ ነው ጉዳያችን የሚጀምረው።

ከወፍጮ እንነሣ። የውሃም ሆነ የሞተር ወፍጮ ባልነበረበት አገር እህል ዱቄት የሚሆነው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ሴት ተንበርክካ በድንጋዩ ላይ መጁን ስትገፋ። ይህን ሥራ ወንድ አይነካውም። ድሀ ወንድ እንኳ ሊራብ ይችላል እንጂ አይፈጭም፤ ነውሩ ያን ያህል ነበር። እንግዲህ ከዚህ ነውር የሚወጣውን መዘዝ ልብ በሉ። ወንድ የማይፈጭ ከሆነ፣ ወንዶች በብዛት በሚሄዱበት ቦታ ሁሉ ሴቶች በብዛት መሄድ አለባቸው። የአንድ ሰው የቀን ቀለብ ዝቅ አድርገን ግማሽ ኪሎ እህል ነው እንበል። ጎበዝ ፈጪ በሰዓት 2 ኪሎ ታወጣለች እንበል፤ ይህም ለጋስ ግምት ነው። 100,000 ሰው በሰፈረበት ቦታ በየቀኑ 50,000 ኪሎ ይፈጫል፣ 25,000 የወፍጮ ሰዓትም ይፈልጋል ማለት ነው። አንዲት ሴት በቀን 5 ሰዓት ብትፈጭ ለወፍጮው ብቻ 5,000 ሴቶች ያስፈልጋሉ። ውሃ ገና አልተቀዳም፣ እንጨት አልተለቀመም፣ ሊጡ አልተቦካም፣ ምጣዱም አልተጣደም። ስሌቱ የእኔ ነው፤ ቁጥሮቹን ከፍና ዝቅ ማድረግ ይቻላል። የቱንም ያህል ብታሻሽሉት ግን ያለ ሴት የሚንቀሳቀስ ጦር አታገኙም።

አንድ አድማጭ ወዲያው «ዘማች እኮ ስንቁን ከቤቱ ይዞ ነው የሚነሣው» ሊለኝ ይችላል። እውነት ነው። በሶው፣ ዳቦ ቆሎው፣ ድርቆሹ፣ ቋንጣው ተዘጋጅቶ ነው ክተት የሚባለው። ግን በሶ ምንድን ነው? ተቆልቶ የተፈጨ ገብስ ነው። ድርቆሽስ? ተጋግሮ የደረቀ እንጀራ ነው። ስንቁ ቀድሞ ከተዘጋጀ ሴቶቹ ቀድመው ዘምተዋል ማለት ነው፤ ነጋሪት ሲጎሰም መጀመሪያ የሚደክመው የእነሱ ክንድ ነው። በዚያ ላይ እንዲህ ያለው ስንቅ የሚበቃው ለሳምንታት ነው። የዐድዋው ዘማች ግን በመስከረም 1888 ክተት ተብሎ የተዋጋው የካቲት 23 ቀን ነው። በመካከሉ ያሉትን ወራት ጦሩ የኖረው በየመንገዱ ከባላገሩ በተገኘ እህል ሲሆን፣ ያ እህል ጥሬ ነበር።

የዳግማዊ ምኒልክን ታሪክ የጻፉት ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ በዐድዋው ጦርነት ዋዜማ ስለነበሩ ሴቶች ያሰፈሩት ነገር አለ። እቴጌ ጣይቱ በሰፈሩ ያሉትን ሴቶች ሰብስበው እያንዳንዳቸው ዕቃቸውን በውሃ ሞልተው እንዲጠብቁ አዘዙ፤ ውጊያው ሲጀመርም ውሃው ለተዋጊውና ለቁስለኛው ደረሰ። ጸሐፊው የሴቶቹን ብዛት ከ10,000 እስከ 12,000 ያደርሱታል። የቤተ መንግሥት ጸሐፊ ቁጥር ሁልጊዜ በጥንቃቄ የሚታይ ነው። ቅድም በወፍጮ በኩል ካሰላነው ጋር ብናስተያየው ግን ከመጠን ያለፈ አይሆንም፤ ፈጪዋ፣ ጋጋሪዋና ውሃ ቀጂዋ ሲደመሩ ወደዚያው ይጠጋሉ። ከዚህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የምናስታውሰው የእቴጌይቱን ብልኅነት ነው። በጥር ወር መቀሌ ላይ የምሽጉ ውሃ እንዲያዝ መምከራቸውን ጨምረን እናወሳለን፤ ይገባቸዋልም። ነገር ግን እቴጌይቱ በአንድ ትእዛዝ ያን ያህል ሴት ማሰለፍ የቻሉት ሴቶቹ ቀድመው በቦታው ስለነበሩ ነው። እንስራና ገንቦ በጀርባቸው አዝለው ወራት ተጉዘው የደረሱ ናቸው። በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የሚመራው የጎጃም ጦር በዚያ ሰፈር ነበረ፤ የጎጃም ፈጪና ውሃ ቀጂም ነበረች። ከእቴጌይቱ በስተቀር ግን በዝማሬም በሥዕልም ስም የወጣላት የለችም።

ጦርነት ልዩ ጊዜ ነው፣ በልዩ ጊዜ የሆነው የዘወትሩን ኑሮ አያሳይም የሚል ክርክር ይነሣ ይሆናል። መልሱ የሰላሙ ጊዜ አገዛዝም በዚያው በወፍጮ ላይ መቆሙ ነው። ድርጎ የሚባለውን አስቡ። የንጉሥ ወይም የመኳንንት እንግዳ በመንገድ ሲያልፍ የየአገሩ ሰው እንጀራ፣ ጠላ ወይም ጠጅ፣ ወጥና ማር እንዲያቀርብ ይታዘዛል፤ እንጀራውም ተቆጥሮ ነው የሚቀርበው። በመዝገብ ሲነገር ግብሩን የሚከፍለው ባላገሩ ነው፣ ባላገር ሲባልም ወንዱ ነው የሚታሰበው። በእርግጥ የተከፈለው ግን የሚስቱ ሌሊት ነው። በየቤቱ የሚመራው ወታደርም እንዲሁ ነበር፤ ባላገሩ ቤቱን ሲያካፍል ሚስቱ ምጣዷን ታካፍላለች። መንግሥት በዚያ ዘመን የጦር ቀለብ መሥሪያ ቤት፣ የእንግዳ ማረፊያ አልነበረውም። የነበረው ማጀት ነው። የሞጣና የብቸና ማጀቶች የጎጃም መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ነበሩ ብል ማጋነን አይመስለኝም።

አሁን ወደ ገበያው። በ19ኛው መቶ ዘመን ስለ ጎጃም ንግድ ሲጻፍ ስሙ የሚነሣው የባሶ ገበያ ነው። እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ በ1830ዎቹ ዓ.ም. በየጁቤ ተቀምጠው ገበያውን በዝርዝር ጽፈውታል። ከዓባይ ማዶ የሚመጣው ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ባሪያ፣ ከሰሜን በሚመጣው አሞሌ ጨውና በማርትሬዛ ብር የሚለዋወጥበት ቦታ ነበር። ይህን የሩቅ ንግድ የያዙት ወንዶች ናቸው፣ በብዛትም ሙስሊም ነጋዴዎች። ሴቶቹን ፍለጋ በዝሆን ጥርሱ ዙሪያ ብንዞር አናገኛቸውም። ዓይናችንን ዝቅ አድርገን መሬት ላይ የተዘረጋውን ስናይ ግን በርበሬው፣ ቅቤው፣ ጌሾው፣ ሸክላውና የፈትሉ ልቃቂት የእነሱ ነው። አርብ የምትፈትል፣ ቅዳሜ የምትሸጥ ሴት ለነገሥታት ታሪክ ጸሐፊ አትታየውም። ቤተሰቡን ዓመት ሙሉ ጨው የሚያበላው ግን ይኸው ገበያዋ ነው።

ከዚህ ሁሉ በፈትል ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። ጥጡ ከቆላ፣ ከዓባይ በረሃ ይወጣል። ሴቲቱ ፍሬውን በመዳመጫ ታወጣለች፣ በደጋን ታፍታታዋለች፣ ባዘቶ አድርጋ በእንዝርት ትፈትለዋለች። ከዚያ በኋላ ነው ሸማኔው የሚረከበው፤ ሸማኔው ወንድ ነው። ልብስ ሲነሣ በአገራችን የሚታወሰው ሸማኔው ነው፣ ክፉም ደግም ስም የወጣለት እሱ ነው። የሥራውን ጊዜ ለሚያውቅ ግን አንድ ጋቢ ውስጥ ከሸማኔው ቀን የፈታይዋ ቀን እጅግ ይበልጣል። አንዱን ሸማኔ በድርና በማግ ለማጥገብ ብዙ እንዝርት ሳያርፍ መሾር አለበት። ደግሞም እንዝርት እንደ ወፍጮ በአንድ ቦታ የተተከለ አይደለም። ሴቲቱ ደጃፍ ተቀምጣ፣ ከጎረቤት እያወጋች፣ ለቅሶ ቤት ውላም ትፈትላለች። ወይዘሮዋም ገረዲቱም የሚጋሩት ብቸኛ ሥራ ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ ትልልቆቹ ወይዛዝርት አይፈጩም፣ ውሃ አይቀዱም፣ ፈትል ግን ያኮራቸው ነበር። ፈትሏ የራሷ ገንዘብ ነው፤ ባል በሬ ሲሸጥ ዋጋው የቤቱ ነው፣ ልቃቂቱ ሲሸጥ ግን ዋጋው በሴቲቱ መቀነት ይቋጠራል። በክፉ ቀን በሬው ሲያልቅና ሞፈሩ ሲሰቀል፣ ወንድየው በእጁ የቀረው ሥራ እጅግ ጥቂት ነበር። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መቆፈራቸው እንደ ተአምር የተወራው ለዚህ ነው። እንዝርቱ በሬ አይፈልግም። እህል ባልነበረበት አገር ፈትል የሚገዛ ጥቂት ስለሆነ ሴቶቹን አዳናቸው አልልም፤ የቤቱ ሥራ ሁሉ በወንዱ ማረሻ ላይ የተንጠለጠለ ነበር የሚለውን አስተሳሰብ ግን ያ ዘመን አጋልጦታል።

ስለ ሴት ሥራ ከማንኛውም ጽሑፍ ይልቅ ግልጽ ሆኖ የሚመሰክረው አንድ ቃል ነው፤ እሱም ደመወዝ። ዛሬ ደመወዝ ስንል የወር ደሞዛችን ብቻ ነው የሚታየን። በዚያ ዘመን በአገሩ ልማድ ከቁርባንና ከሰማንያ ቀጥሎ የደመወዝ ጋብቻ የሚባል ነበር። ነጋዴው ወይም ወታደሩ ከቤቱ ርቆ ሲሄድ ከአንዲት ሴት ጋር ለተወሰነ ጊዜ ይዋዋላል፤ በምስክር ፊት ክፍያው ይቆረጣል፣ እሷም ቤቱን ትይዝለታለች፣ ታበስልለታለች፣ አብራው ትጓዛለች። የሚወለደውም ልጅ አባት አልባ አይባልም። ቄሶች ይህን ጋብቻ አልወደዱትም፣ ባላባቱም ለልጁ አልተመኘውም። ለእኔ ግን በውስጡ ያለው ዕውቅና ያስገርመኛል። የአገሩ ልማድ የሚስትን ሥራ ሥራ ብሎ ጠርቶ፣ በአሞሌና በብር ዋጋ አውጥቶለት፣ ዋስና ምስክር አቁሞለት ነበር። ስለ ቤት ውስጥ ሥራ ዋጋ ዛሬ በየጉባኤው ሲነሣ እንደ አዲስ ሐሳብ ነው የሚቀርበው። ይህን ስል ኑሮው ያማረ ነበር ማለቴ አይደለም። መንገድ ላይ የታመመች የደመወዝ ሚስት፣ ባሏ ተጣልቶ ዓባይ ማዶ የጣላት ሴት ዋስዋን ከየት ታመጣለች?

ወደ መሬቱና ወደ ሙግቱ ስንመጣ የሞጣ ስም ራሱ ይመሰክርልናል። የሞጣ ጊዮርጊስን ደብር በ18ኛው መቶ ዘመን የተከሉት የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል ናቸው። ከዚያ በፊት በእነብሴ መርጡለ ማርያምን ያሠሩት እቴጌ እሌኒ ናቸው። ደብር መትከል ማለት ሕንፃ ማቆም ብቻ አይደለም፤ መሬት መደልደል፣ ካህናት መሾም፣ ከተማ መመሥረት ነው። በእንዲህ ያሉ ደብሮች መጻሕፍት ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ የመሬት ስጦታው፣ ሽያጩ፣ ውርሱና እርቁ ተጽፎ ቆይቶልናል። የጎንደር ዘመን የመሬት ሰነዶችን ያጠኑት ዶናልድ ክራሚ ሴቶችን በሻጭነት፣ በገዥነት፣ በአውራሽነትና በተሟጋችነት አግኝተዋቸዋል። የዚህም ሥር በርስት ሕጉ ውስጥ ነው። በአማራው አገር ርስት በአባትም በእናትም ይቆጠራል፤ ሴት ልጅ እንደ ወንድሟ ትወርሳለች፣ ለልጆቿም ታወርሳለች። በሰማንያ የተጋቡትም ሲፋቱ ከሁለቱም ወገን የገባው ተለይቶ፣ አብረው ያፈሩት ይካፈላል። መብቱ ካለ ክርክር አለ፣ ክርክር ካለ ደግሞ ሴቲቱ «በሕግ አምላክ» ብላ የምትቆምበት ዐደባባይ አለ። ተረቱ ለወንድ ብቻ የሰጠው ችሎት በሴት ርስት ሙግት የተሞላ ነበር።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ይነሣሉ፤ ሁለቱም ቀላል አይደሉም። የመጀመሪያው፣ ሰነዶቹ የጎንደር ዘመን ናቸው፣ ስለ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን በእነሱ መናገር ይቻላል ወይ የሚል ነው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በደጋ ዳሞት የጎጃምን የርስት ሥርዓት ያጠኑት አለን ሆበን ያው በእናትም በአባትም የሚቆጠር ርስት በሥራ ላይ እንዳለ አግኝተውታል። ከምንናገርለት ዘመን በፊት የነበረ፣ ከዚያም በኋላ የኖረ ሥርዓት በመካከሉ ጠፍቶ ነበር ለማለት ማስረጃ የሚያስፈልገው ተቃዋሚው ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ ግን ከዚያው ከሆበን ጥናት የሚመነጭ ነው። ሴት ርስት አላት፤ አራሹ ግን ወንድ ስለሆነ በሚስቱ ወገን ያለውን መሬት የሚሟገትበት፣ የሚይዘውም ብዙ ጊዜ ባሏ ነው። ስሙ የእሷ፣ ድምፁ የእሱ ማለት ነው። ይህን እቀበላለሁ። ፍትሐ ነገሥቱም ዳኝነትን ለወንድ ነው የሰጠው። ስለዚህ ሴቲቱ በችሎት ከሳሽ፣ ተከሳሽ፣ ባለርስት ልትሆን ትችላለች፤ ዳኛ፣ ጭቃ ሹም፣ ምስለኔ ግን አትሆንም። ቅድም ስምና ማዕረግ ያልኩት ይህን ነው። ችሎቱ በእሷ ነገር ይሞላል፣ ወንበሩ ግን የእሷ አይደለም።

«የምትጠቅሳቸው ሁሉ ወይዛዝርት ናቸው» የሚለው ወቀሳ ደግሞ ሌላ ነው፤ እውነቱም ይከብዳል። ማዶ ወሎ ላይ ወይዘሮ ወርቂት አገር ይገዙ ነበር፤ በ1857 ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ሲመጡ ያሳለፏቸው እሳቸው ናቸው፣ ዋጋውንም በቴዎድሮስ እጅ በነበረው ልጃቸው ሕይወት ከፈሉት። እንዲህ ያለችው ሴት የዘርና የርስት ጉልበት አላት። ርስት የሌላትስ? የታሪክ ተመራማሪው ሀብታሙ መንግሥቴ የምሥራቅ ጎጃምን የመሬት ሥርዓት ሲያጠኑ ዜጋ ስለሚባሉት ሰዎች ጽፈዋል። ዛሬ የክብር መጠሪያ ያደረግነው ዜጋ የሚለው ቃል በእነ ሞጣ አገር ያኔ ርስት አልባ ሆኖ በጌታ መሬት ላይ የተቀመጠውን ጥገኛ ነበር የሚያመለክተው። የዜጋ ሚስትና ልጅ ለራሷ ቤትም ለጌታዋም ቤት ትሠራለች። ከእሷም በታች ባሪያይቱ አለች። በባሶ ገበያ ከተሸጡት መካከል ሴቶች ብዙ ነበሩ፤ የሚገዙትም ለወፍጮ፣ ለውሃና ለእንጨት ነው። የወይዘሮዋ እጅ ለፈትልና ለሙግት ነፃ የሆነው ሌላዋ ሴት በወፍጮ ላይ ስለ ተንበረከከች ነው። ይህን ሳይናገር ስለ ያለፈው ዘመን ሴቶች የሚመካ ሰው ግማሹን ደብቆ ነው የሚመካው። ክርክሬን ግን ወቀሳው አያፈርሰውም፣ ያጠብቀዋል እንጂ። ባሪያይቱም ዜጋይቱም ከወይዘሮዋ ይልቅ በመንገድ፣ በምንጭ፣ በገበያ፣ በጦር ሰፈር ትታያለች። ማዕረጓ ዝቅ ባለ መጠን ለዐደባባይ የቀረበች ትሆናለች። ወይዘሮዋ በበቅሎ፣ ተሸፍና፣ አጃቢ አስከትላ ነው የምትወጣው፤ ውሃ ቀጂዋ ፊቷ ተገልጦ በቀን ሁለት ጊዜ በሰው ሁሉ መካከል ታልፋለች። እንግዲያው «ሴት ለማጀት» የሚለው ተረት የኑሮ መግለጫ ሳይሆን የባለጠጋ ቤት ምኞት ነው። ሚስቱን ማጀት ማስቀመጥ የቻለ ሰው ሌላ ሴት ወደ ውጭ መላክ የቻለ ነው።

የቃልም ዐደባባይ ነበራቸው። በለቅሶ የአልቃሿን ቦታ አስቡ። ትልቅ ሰው ሲሞት መኳንንቱና ካህናቱ በተሰበሰቡበት ቆማ የሟቹን ዘር ትቆጥራለች፣ ጀግንነቱን ታነሣለች፣ ሳይታሰብም ንፍገቱን ወይም የወንድሙን ክህደት በቅኔ ታቀብላለች። ያን ቃል ወንድ በግብር ላይ ቢናገረው ያስቀጣው ነበር። በሳር ውሃና በእምባቦ ማግሥት ስንት የጎጃም ደብር እንዲህ ባለ ድምፅ እንደተሞላ መገመት አያዳግትም። የአገሩን ሐዘን ለአገሩ የተናገሩት ሴቶች ናቸው። ጸሐፊዎቹ ግን የዘገቡት ስንት ጠመንጃ እንደ ተማረከ ነው።

ከሁሉም የሚከብደውን ተቃውሞ ወደ መጨረሻ ያቆየሁት አውቄ ነው። መታየት ሥልጣን አይደለም፤ ሸክም ተሸክሞ በዐደባባይ ማለፍ የዐደባባይ ሰው አያደርግም፤ አህያም በገበያ ይውላል። ይህን የሚል ሰው ለሴቶቹ ከመቆርቆር የተነሣ ሊለው ይችላል፣ ከንቀትም ሊለው ይችላል። እኔ መታየት ሥልጣን ነው አላልኩም። ያልኩት የጦሩም፣ የግብሩም፣ የገበያውም መንቀሳቀሻ በሴቶች እጅ ስለነበረ የዘመኑ ሰው ይህን ያውቅና ይቆጥረው ነበር ነው። በደመወዝ ውል፣ በርስት ሙግት፣ በሰማንያ ክፍፍል፣ በእቴጌይቱ የውሃ ትእዛዝ ውስጥ ያየነው ይህንኑ መቆጠር ነው። አህያ ከሳሽ አይሆንም፣ ልቃቂት ሸጦ መቀነቱ ላይ አይቋጥርም። ይሁን እንጂ ተቃውሞው አንድ ነገር ያስተምረናል። ማዕረግ የሌለው መቆጠር ደካማ ነው፤ ሥራው ሲለወጥ አብሮ ይጠፋል። በሚቀጥለው መቶ ዘመን የሆነውም ይህ ነው። መንግሥት ለወታደሩ ደመወዝ ቆረጠ፣ ቀለቡን በመሥሪያ ቤት አደራጀ፣ ሴቶቹም ከሰፈሩ ወጡ። የሞተር ወፍጮ ገባ፤ ለጉልበታቸው ታላቅ ዕረፍት ነው፣ ማንም የድንጋይ ወፍጮን አይናፍቅም፤ የወፍጮው ባለቤት ግን ወንድ ሆነ። የፋብሪካ ድር ሲመጣ የሴቲቱ ልቃቂት ዋጋ ወረደ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ባልን የቤተሰብ ራስ አድርጎ ሚስት ትታዘዘው ዘንድ ደነገገ። ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች አገሩን ወደ ዘመናዊነት እንደሚወስዱ ያምኑ ነበር፤ ለሞጣና ለብቸና ባለርስት ሴት ግን አያቷ በልማድ ካወቀችው ያነሰ ነገር ነው የጻፉላት። የሴቶችን መብት ነገር ሁልጊዜ ከጨለማ ወደ ብርሃን እንደሚወጣ አንድ መንገድ አድርገን ስናወራ ይህን መታጠፊያ እንዘለዋለን።

ባልን የቤተሰብ ራስ ያደረገው አንቀጽ በ1992 ዓ.ም. በወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ቀርቷል፤ የአማራ ክልልም በ1995 የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቷል። መሬቱም የራሱን መንገድ ሄደ። በ1989 በክልሉ መሬት ሲሸነሸን የድርሻ ባለቤት የሆኑ ሴቶች ነበሩ፤ ከ1995 ጀምሮ ደግሞ በየወረዳው የይዞታ ደብተር ሲታደል የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ ጎን ለጎን እንዲሰፍር ተደረገ። በጎንደር ዘመን የወንጌል ኅዳግ ላይ የተጻፈችው ባለርስት እንዲህ ያለ ገጽ አላገኘችም። ደብተሩ በሙግት ሲቀርብ ከሁለቱ ባለፎቶግራፎች ዳኛው ፊት ቆሞ የሚናገረው ማን እንደሆነ ግን በሞጣም በብቸናም ወደ ፍርድ ቤቱ ገብቶ፣ አንድ ጠዋት ተቀምጦ ማየት ነው።